የሚወጣውንስ ማን ይፈትሻል?

በአየር ጤና፣ በቤተልም ሆነ በዓለም ባንክ አዲስ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ከባለሙያ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ የዋይፋዩን ፓስወርድ አጠንክር፣ የማታውቀውን ሊንክ አትንካ፣ ኮምፒውተርህ ላይ አንቲቫይረስ ጫን። ሦስቱም ጥሩ ምክሮች ናቸው። ሦስቱም ግን የሚናገሩት ወደ ቤት ስለሚገባው ብቻ ነው። ከቤት ወደ ውጭ ስለሚሄደው የሚጠይቅ ደንበኛ የለም፤ ቢጠይቅም የሚያገኘው መልስ የራስህ መሣሪያ የሚልከው ነው፣ ምን ያሳስብሃል የሚል ነው። ራውተሩም ከፋብሪካ የሚወጣው ይህንኑ እምነት ይዞ ነው። ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን ይመልሳል፣ ከውስጥ የተነሣውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ያሳልፋል። ይህ እምነት ስህተት ነው፤ እንዲያውም ዛሬ ቤታችን ውስጥ ባሉት መሣሪያዎች ዓይን ሲታይ የተገለበጠ ነው። በቤት ራውተር ላይ መሠራት ያለበት ዋናው የጥበቃ ሥራ ወደ ውጭ የሚሄደውን መገደብ ነው እላለሁ፤ ይህም የባንክና የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአንድ ተራ የኮልፌ ቀራኒዮ ግቢ ጉዳይ ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከኮልፌ ብዙም በማይርቀው፣ ቻይና አስገንብታው በጥር 2004 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነውን እናንሣ። የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ የኅብረቱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ ነገር አስተውለው ነበር። ሕንፃው ሰው አልባ በሚሆንበት፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የኔትወርኩ እንቅስቃሴ ከቀኑ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሲመረመር፣ በጋዜጣው ዘገባ መሠረት፣ የኅብረቱ ሰርቨሮች ይዘት በየሌሊቱ ሻንጋይ ወዳሉ ሰርቨሮች ይገለበጥ ነበር፤ ያውም ሕንፃው ከተመረቀ ጀምሮ ለአምስት ዓመታት። ቻይና ዘገባውን መሠረተ ቢስ ብላ አጣጥላዋለች፣ የኅብረቱ መሪዎችም በወቅቱ አልተቀበሉትም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሮይተርስ ሌላ ጉዳይ ይዞ ወጣ። ከጃፓን የሳይበር ባለሙያዎች በደረሰ ጥቆማ የኅብረቱ ቴክኒሻኖች ሰርቨሮቻቸውን ሲፈትሹ፣ በግቢው የጥበቃ ካሜራዎች የተቀረጸ ምስል ወደ ውጭ እየተላከ መሆኑን ደረሱበት። በዚህኛው ጊዜ ምስሉ የሚወጣው ሌሊት ሳይሆን በሥራ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ግርግር ውስጥ ተደብቆ ነበር። ቻይና ይህንንም አስተባብላለች። ከሁለቱ ዘገባዎች ጀርባ ማን እንዳለ የሚከራከር ይከራከር፤ እኔ የምይዘው ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ዘገባ ሌባው ሲገባ ያየው የለም። ነገሩ የታወቀው ሲወጣ ነው።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ከአንድ ቤት መረጃ ለመስረቅ፣ ወይም የቤቱን መሣሪያ ለሌላ ጥቃት ለማሠማራት፣ የግድ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ግንኙነት ያስፈልጋል። ቫይረሱ በፍላሽ ሊገባ ይችላል፤ በኢሜይል አባሪ ሊገባ ይችላል፤ መሣሪያው ሲገዛ ጀምሮ ውስጡ ሊኖር ይችላል። የመግቢያው መንገድ አያልቅም። የተወሰደው ነገር ጥቅም የሚሰጠው ግን ከወጣ ብቻ ነው፤ ትእዛዝ የሚቀበለው መሣሪያም መጀመሪያ ወደ አለቃው ደውሎ እዚህ ነኝ ማለት አለበት። የከተማችን ፋብሪካዎች በር ላይ ፈታሽ የሚያቆሙት ለገቢው ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛው ማታ ሲወጣም ቦርሳው ይታያል። ራውተራችን ግን በመግቢያው ላይ ቁጡ፣ በመውጫው ላይ ዓይኑን የጨፈነ ፈታሽ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በይበልጥ ልቆይበት የምፈልገው ካሜራው ነው፤ ምክንያቱም በኮልፌ አዲስ በተሠሩ ቤቶች አጥር ላይ ካሜራ ማየት የተለመደ ሆኗል፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ልጅም የወላጆቹን በር ወይም እየተሠራ ያለውን ቤቱን በስልኩ ይከታተላል። ይህን የሚያስችለው አሠራር እንዴት እንደሆነ ግን ለባለቤቱ የሚነግረው የለም። ራውተሩ ከውጭ የሚመጣ ጥሪን ስለሚመልስ፣ ከዋሽንግተን የሚመጣው ስልክ በቀጥታ ካሜራው ጋ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ አምራቹ ያቆመው ሰርቨር ጋ ሄዶ፣ ቀንና ሌሊት መስመሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ልጁ አፑን ሲከፍት የሚገናኘው እዚያ ሰርቨር ላይ ነው። ገጣሚው የካሜራውን ኪው አር ኮድ በስልኩ ስካን አድርጎ «ይሠራል» ሲል፣ ራውተሩ የሚመካበት የመግቢያ ጥበቃ ከውስጥ በተከፈተ መስመር ታልፏል ማለት ነው። ኤስኢሲ ኮንሰልት የተባለው የኦስትሪያ የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ሺዮንግማይ በተባለ አምራች መሣሪያዎች ላይ ባወጣው ጥናት፣ በዚህ ዓይነት የደመና አገልግሎት የሚደረስባቸው ካሜራዎችና መቅረጫዎች ወደ 9 ሚሊዮን እንደሚጠጉ፣ የአስተዳዳሪው ስም ከፋብሪካ ሲወጣ ያለ ምንም ፓስወርድ እንደሚመጣ አሳይቷል። እነዚህ መሣሪያዎች በብዙ የተለያዩ የንግድ ስሞች ታትመው ስለሚሸጡ፣ ገዢው የገዛው ምን እንደሆነ ከካርቶኑ አያውቅም።

የካሜራው ጉዳት ደግሞ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር 60 ያህል የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን እየሞከረ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችን፣ መቅረጫዎችንና ራውተሮችን ያዘ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚሁ የቤት ዕቃዎች በአንድነት ዳይን የተባለውን ድርጅት አጥለቅልቀው ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረጉ። በሚቀጥለው ወር የሚራይ ዝርያ በጀርመን 900,000 የሚሆኑ ደንበኞችን ራውተር አወከ። የመጀመሪያው ሚራይ የሚዛመትበት መንገድ ቀላል ነበር፤ የተያዘው ካሜራ ወደ ውጭ ወጥቶ በ23 እና በ2323 ቁጥር ፖርቶች፣ ማለትም ቁጥር በተሰጣቸው የግንኙነት በሮች፣ የሌሎችን በር ያንኳኳል። አንድ የቤት ካሜራ በፖርት 23 ወደ ዓለም ሁሉ የሚደውልበት አንድም ጤናማ ምክንያት የለውም። ያ መውጫ በየቤቱ ራውተር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ከቤት ውስጥ የተያዘው መሣሪያ ሌላውን ሊበክል አይችልም ነበር። የቴሌቪዥን አንድሮይድ ቦክሶችም እንዲሁ ናቸው። ዶክተር ዌብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ቮይድ የተባለ ማልዌር በ197 አገሮች 1.3 ሚሊዮን ቦክሶችን መያዙን ገለጸ፤ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮም በ2025 ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው፣ አንዳንዱ ከፋብሪካ ጀምሮ የተበከለ መሣሪያ ስለሚገኝበት መረብ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። የእነዚህ ቦክሶች አንዱ ንግድ የቤትህን አድራሻ ማከራየት ነው፤ የማታውቀው ሰው ማጭበርበሩን በአንተ መስመር ያሳልፋል፣ ዱካው የሚጠቁመው የአንተን በር ነው።

በኮልፌ ግቢዎች ይህ ነገር የሚከብድበት ሌላ ምክንያት አለ። አከራዩ በስሙ አንድ መስመር ያስገባል፤ የሰርቪስ ቤቶቹ ተከራዮች ወርሃዊውን ክፍያ ተጋርተው አንዱን ፓስወርድ ይካፈላሉ። አንዱ ተከራይ ያመጣው ቦክስ ወይም ከኢንተርኔት ጋር የሚሠራ ሪሲቨር ለሚልከው ሁሉ ውሉ ላይ ያለው የአከራዩ ስም ነው። ከዚያም የፍጥነቱ ጉዳይ አለ። በመዳብ ስልክ መስመር የሚመጣው ኤዲኤስኤል በባሕርይው ሚዛናዊ አይደለም፤ የማውረጃው መስመር ሰፊ፣ የመላኪያው እጅግ ጠባብ ነው። ገጽ ለመክፈትም ሆነ ቪዲዮ ለማየት ኮምፒውተሩ የደረሰውን እየቆጠረ «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ መልእክት መላክ አለበት። መላኪያው በካሜራ ምስል ወይም በተበከለ ቦክስ ጩኸት ሲጨናነቅ፣ ያ ትንሽ መልእክት ወረፋ ይይዛል፣ ማውረዱም አብሮ ይዘገያል። ኔትወርክ የለም ተብሎ በኦፕሬተሩ ላይ ከሚነሣው ምሬት የተወሰነው፣ መላኪያውን ለማየት የሚሞክር ቢኖር ኖሮ፣ መነሻው እዚያው ግቢ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሁሉም ነው አላልኩም፤ የኦፕሬተሩ ድርሻ የኦፕሬተሩ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የማቀርበው ሐሳብ መሣሪያዎቹን በሁለት ይከፍላል። ስልክና ላፕቶፕ ሰው የሚጠቀምባቸው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የማይታወቅ ቦታ ይሄዳሉ፣ ስለዚህ ለእነሱ መውጫው ክፍት ሆኖ ጥቂት የታወቁ አደገኛ ፖርቶች ብቻ ይዘጋሉ። የስፓም መላኪያው 25፣ ሚራይ የተጠቀመባቸው 23 እና 2323፣ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያው 445። ስለ መጨረሻው የሚጠራጠር ካለ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በአውትሉክ ላይ በተገኘው ክፍተት አጥቂው የተጠቃሚውን መለያ የሚወስደው ኮምፒውተሩ ራሱ በ445 ወደ ውጭ እንዲደውል በማድረግ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ይህ ፖርት ወደ ውጭ እንዲዘጋ መክሯል። ካሜራ፣ መቅረጫ፣ ፕሪንተር፣ ቦክስና ሪሲቨር ደግሞ ዕቃዎች ናቸው። የእነሱ ሕግ መገልበጥ አለበት፤ ሁሉም መውጫ ዝግ ይሁን፣ የሚያስፈልገው ብቻ ተለይቶ ይከፈት። ፕሪንተር ከቤት ወጥቶ የሚሄድበት የለውም። ሳሎን ያለው ካሜራ ምስሉን እዚያው ቤት ባለው መቅረጫ ላይ ያስቀምጥ። ልጁ ከውጭ አገር የሚያየው የግቢው በር ካሜራ ከሆነ፣ ለዚያ ካሜራ ብቻ ይከፈት። ተከራዮች በእንግዳ ዋይፋይ ይለዩ። የስም መፈለጊያው (ዲኤንኤስ) አድራሻ ደግሞ እንደ ኳድ9 የታወቁ የማልዌር አድራሻዎችን ወደማይመልስ አገልግሎት ይዙር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከማያውቁት ሳይሆን ከሚያውቁት ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር፣ ማልዌሩን ጨምሮ፣ በተመሰጠረው ፖርት 443 ስለሚሄድ ፖርት መዝጋት ዋጋ የለውም ይላሉ። ስለ ላፕቶፕ ከሆነ ብዙ እውነት አላቸው፤ የአፍሪካ ኅብረት ሁለተኛው ዘገባም የሚያሳየው ብልህ ሌባ በተለመደው መንገድ መሐል እንደሚደበቅ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ዕቃዎቹ አይሠራም። ካሜራው ከነ443ቱ ከተዘጋ የሚደበቅበት መንገድ አይቀረውም፤ የሚደበቀው ሕዝብ በሚሄድበት ጎዳና ነው፣ እሱ ጎዳና ላይ ጨርሶ አልወጣም። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ስለደረሰው የሶላርዊንድስ ጥቃት የሴኔት አባሉ ሮን ዋይደን ላነሡት ጥያቄ የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲመልስ፣ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሁሉ የሚዘጋ ፋየርዎል ቢኖር ማልዌሩ ይከሽፍ እንደነበር አምኗል። በዚያው መልስ ለአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይህን ማድረግ እንደማይቻልም ገልጿል፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስብስብ ነውና። የኮልፌ ግቢ ግን አራት ካሜራ፣ አንድ መቅረጫና አንድ ሪሲቨር ነው ያለው። ለታላቁ መሥሪያ ቤት አስቸጋሪ የሆነው እዚህ ቀላል ነው፤ ባለሙያዎቻችን የትልቁን ድርጅት ችግር ይዘው የትንሹን ቤት መፍትሔ መጣላቸው ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ ነገር ይሰበራል የሚለው ነው። ሁሉንም ዘግቶ 80ን እና 443ን ብቻ የከፈተ ሰው የዋትስአፕ ጥሪ ሲቆረጥበት ሊያይ ይችላል፤ ዋትስአፕ 5222ን እና 3478ን የመሳሰሉ ፖርቶችንም ይጠቀማልና። ቤተሰቡ ከዋሽንግተን የሚጠብቀው ጥሪ ከተቋረጠ ፋየርዎሉ በዚያው ምሽት ይጠፋል፣ ተመልሶም አይበራም። ለስልክና ለላፕቶፕ ሁሉን መዝጋት ያልመከርኩት ለዚህ ነው። ያለ ማሰብ መዝጋት እንደሚጎዳም ታሪክ ይመሰክራል፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ወደ አንድ አድራሻ ደውሎ መልስ ካገኘ ይቆም ነበር፣ ያን አድራሻ በጥድፊያ የዘጉ ኔትወርኮችም ማቆሚያውን በእጃቸው አጠፉት። ካሜራው ከተዘጋ የሶፍትዌር ማሻሻያ አያገኝም የሚሉም አሉ። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ማሻሻያ የሚባል ነገር ሳያይ ነው የሚያረጀው፤ የሚመጣለት ካለም ለዚያ ሰዓት ተከፍቶ ይዘጋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቴክኒክ አይደለም፤ ከእኛ ታሪክ የመጣ ነው፣ ስለዚህም በአክብሮት መመለስ አለበት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራምን የመሳሰሉ መድረኮች ታግደው ቆይተዋል። ይህን ያለፈ ሰው ብሎክ የሚባል ነገር ሲሰማ ቢሸሽ አይፈረድበትም። መንግሥት ሲዘጋብን ስንቃወም ኖረን በገዛ ቤታችን እንዝጋ? አዎ፣ እንዝጋ፤ ምክንያቱም በመዘጋቱ ያማረረን መወሰኛው ከእጃችን መውጣቱ ነበር። የቤት ፋየርዎል ያንኑ ውሳኔ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የከፈተው ራሱ ይዘጋል፣ የዘጋው ራሱ ይከፍታል። መንግሥትን የሚፈራ ሰው ይልቁንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣውን መፈተሽ አለበት። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ በክሱ ላይ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የገባው ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የስካይፕ ጥሪውን እየቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የክሱን ውድቅ መደረግ ያጸናው የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው፣ ድርጊቱም ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለም በሚል ነበር። ስለላው አልተፈጸመም አላለም። አንድ ጥሪ ከቤት ከወጣ በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንኳ ዳኛ የሚሰማው ካልተገኘ፣ ለአየር ጤና ነዋሪ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ብቻ ነው የሚቀረው። ኪዳኔ ላይ የደረሰው ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ እኔ የምለው ዓይነት ሕግ በእርግጥ ያድነው ነበር ልል አልችልም። መውጫውን የሚያይ መዝገብ ቢኖር ግን የሚታይ ነገር ይኖረው ነበር፤ ያለ መዝገብ የሚታይ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ይቀራል፣ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እናቶቻችን 192.168.1.1 ብለው ጽፈው በእንግሊዝኛ ከተሞላ ሜኑ ውስጥ አይፒ ፊልተር ፈልገው ያገኛሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ካሜራውን የሚገጥመው ልጅ ግን እዚያው ገጽ ውስጥ ይገባል፤ ገመድ ለመዘርጋት ግማሽ ቀን ከሚፈጅበት ሥራ ጋር ሲተያይ መውጫውን መዝጋት ትንሽ ጭማሪ ነው፣ ደንበኛው ከጠየቀው ያደርገዋል። ከእሱ በላይ ግን ኃላፊነቱ የኦፕሬተሮቹ ነው። በደንበኛው ግቢ ውስጥ ገብተው ያልተሰጣቸውን እንዲዘጉ አልጠይቅም፤ ከዚያ አንጻር የተነሣው ሥጋት የእኔም ሥጋት ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከኔትወርካቸው የሚወጣ እያንዳንዱ መልእክት የራሱን እውነተኛ የላኪ አድራሻ ይዞ እንዲወጣ ማረጋገጥ፤ ይህ አርኤፍሲ 2827 በሚል ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ የማንንም ይዘት የማያይ፣ አስመሳይ ጥቃትን ብቻ የሚያስቀር አሠራር ነው። ሁለተኛ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከፋይበሩ ጋር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ከቤት ዋይፋዩ ጋር የሚያቀርበው ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ 23፣ 25 እና 445 ወደ ውጭ ዝግ ሆነው፣ የእንግዳው ዋይፋይ ተለይቶ፣ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝርም በአማርኛ እየታየ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ከቤት አይውጣ» የሚል አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው፤ ማብሪያውን የሚነካውም ባለቤቱ ብቻ ይሁን።